የጸዳለ ደምና የወንድሟ ዝምታ

የእናት ማኅፀን ከጥንተ ፍጥረት ጀምሮ ለፈጣሪ ብቻ የተገለጠ፣ ጠቢባንም ነገሥታትም በደጁ ቆመው የሚጠባበቁት፣ ኅቡእና ክቡር መዝገብ ነበር፤ በዚህ በእኛ ዘመን ግን የሰው ልጅ ጥበብ ከእናቲቱ ክንድ ጥቂት ደም ቀድቶ፣ በደሟም ውስጥ ከፅንሱ ወገን የፈሰሰውን ረቂቅ ቅንጣት ለይቶ፣ ገና ያልተወለደውን ሕፃን ጠባየ ፍጥረት ለማንበብ በቃ። ይህን ጸሐፊ ጥበብን ከሚነቅፉት ወገን አይቍጠሩት፤ ዕውቀት የልዑል ስጦታ ናት፣ የሚነቅፋትም ሰነፍ ነው። ነገር ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ለአንዱ ጓዳ የተለኮሰ መብራት የሌላውን ጓዳ ጉድፍ ማሳየቱ አይቀርምና፣ ማኅፀን ሲመረመር ልብም አብሮ መመርመሩን ከዚህ ታሪክ ይረዱ።

በጎንደር፣ በአዘዞ ትኖር የነበረችው ወይዘሮ ጸዳለ፣ በትዕግሥቷ የተመሰገነች፣ በአንደበቷ የተወደደች፣ ከጠበቃው ባለቤቷ ከአቶ ልሳነወርቅ ጋር ረጅም ዘመን በመካንነት ኀዘን ስትተክዝ ኖራ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ የፀነሰች ሴት ናት። ከእነርሱም ጋር ታናሽ ወንድሟ ይኄይስ ይኖር ነበር፤ እርሱም ሐኪሞች ዳውን ሲንድረም የሚሉት፣ ሃያ አንደኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኖ የሚገኝበት ተፈጥሮ ያለው፣ ንግግሩ ዝግ ያለ፣ ልቡ ግን ቂም የማያውቅ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በክርስትና ስሙ እየጠራ ሰላምታ የሚሰጥ ጎልማሳ ነበር። እናታቸው በሞት አልጋ ላይ ሳለች የጸዳለን እጅ ይዛ «አደራሽን፣ ሰው ፊት እንዳታሳፍሪው» ብላ ነበርና፣ ጸዳለ ይህን አደራ ስትጠብቅ ኖራለች።

ዕድሜዋን ያጤነችው ሐኪሟ ዶክተር ሐመልማል ስለ ደም ምርመራው ባማከረቻት ጊዜ፣ ጸዳለ ሳታመነታ እሺ አለች፤ እሺ ያሰኛትም ማንን የሚመስል ልጅ የመውለድ ፍርሃት እንደ ሆነ በልቧ ታውቅ ነበርና፣ በቀጠሮዋ ቀን ይኄይስን ከበሩ ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ ብቻዋን ገባች። ሐኪሟም እንደ ሙያዋ ሥርዓት «ከቤተ ዘመድዎ ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው ይኖራል?» ብላ ጠየቀቻት። ጸዳለም «የለም» አለች። ደሟ ተቀድቶ፣ ባሕር ማዶ ወዳለ ቤተ ሙከራ እንደሚላክም ተነግሯት ስትወጣ ሐኪሟ እስከ በሩ ሸኘቻት፤ ይኄይስም የእኅቱን ነጠላ በሁለት እጁ እንደ ታቀፈ ብድግ አለ። ዶክተር ሐመልማል ፊቱን ካየች በኋላ በጨዋ ድምፅ «አብሮዎት የመጣው ማን ነው?» አለች። «ከቤት አብሮን የሚኖር ነው፤ ዕቃ ያግዘኛል» አለች ጸዳለ። እንግዳ ሰው ባየ ቍጥር «የጸዳለ ወንድም ነኝ» ማለት ልማዱ የሆነው ይኄይስ ያን ጊዜ እኅቱን ቀና ብሎ አየ፤ እርሱ የማያውቀው ምክንያት እንዳላትም አምኖ ዝም አለ።

አንባቢ ሆይ፣ በፍርድ አይቸኩሉ፤ ይህች ሴት ወንድሟን ትወድደው ነበር። በልጅነቱ ሲሣቅበት አብራው ያለቀሰች፣ እንግዳ በመጣ ጊዜ እናታቸው ወደ ጓዳ ስታስገባው አብራው ጓዳ የተቀመጠች እርሷ ናት። ሐፍረት ግን ፍቅርን አያጠፋም፤ አብሮት ይኖራል፣ አብሮት ከአንድ ማዕድ ይበላል፤ ክፋቱም ይኸው ነው። በመንገድም ይኄይስ «እትዬ፣ እዚያ ቤት ወንድምሽ አይደለሁም?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «አንተ ዝም ብለህ መንገዱን እይ» አለችው።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ሐኪሟ ደውላ፣ ምርመራው የመጨረሻ ፍርድ ባይሆንም ፅንሱ ዳውን ሲንድረም የሚኖረው ዕድል እጅግ አነስተኛ መሆኑን ነገረቻት። በችሎት ፊት ቃሉን መዝኖ የሚናገረው አቶ ልሳነወርቅ ያን ቀን ሚዛኑ ጠፋውና፣ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ «ተመስገን፣ ከመዓት አወጣኸን» አለ። ይኄይስ ከእርሱ ይልቅ ተደሰተ፤ የእኅቱን ጕልበት ሳመ፣ በቤቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አለ። ከዚያም ቆም ብሎ፣ «ጋሼ፣ ከምንድን ነው ያወጣን?» ብሎ ጠየቀ። ባል ወደ ሚስቱ አየ፤ ሚስትም ወደ መሬት አየች።

ከዚያ ወዲያ ጸጸት በጸዳለ ላይ በረታባት፤ እህል ከአፏ ሲደርስ ይመርራታል፣ የወንድሟም ሣቅ ይከብዳት ጀመር። ኃጢአቷን ልትናዘዝ ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ፣ ጾም መግደፏን ብቻ ተናግራ ተመለሰች። በመጨረሻም የካደችው በማን ፊት እንደ ሆነ አስባ፣ በቀጣዩ ቀጠሮዋ ይኄይስን የበዓል ኮቱን አልብሳ፣ እጁን ይዛ፣ ወደ ሐኪሟ ክፍል አብራው ገባች። «ዶክተር፣ ያን ጊዜ ዋሽቼዎታለሁ፤ ይህ ወንድሜ ነው፣ የእናቴ ልጅ» አለች። ሐኪሟም በርኅራኄ «ገምቼ ነበር» አለቻት። ይኄይስ ግን እኅቱ በሰው ፊት የተሳሳተች መስሎት ደነገጠ፤ እጁንም ከእጇ ቀስ አድርጎ አስለቅቆ፣ «አይደለሁም ዶክተር፤ እኔ ዕቃ ነው የማግዛት» አለ። ጸዳለ እንባዋ እየወረደ «ወንድሜ ነህ እኮ» ብትለው፣ ምሥጢር እንደሚጠብቅ ሰው ወደ ጆሮዋ ተጠግቶ «ቤት ስንገባ» አላት። ወንድምን ለመካድ የካጁ አንዲት ቃል ትበቃለች፤ ክህደቱን ለመሻር ግን የተካደው ሰው ደግሞ ማመን አለበት።