ሌላ ከሆነ ይገለጽ

ቲቸር ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶዋ ግን ጡረታ አልወጣም። የፊደል ስሕተት ካየች፣ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያም ቢሆን፣ ሳታርም ማለፍ አይሆንላትም። ሠላሳ አራት ዓመት ቋንቋ ያስተማረች ሴት ናት፤ ምን ይደረግ!

የዚያን ቀን ማለዳ ግን ሆስፒታል ውስጥ፣ ከወንድሟ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ፣ በአንዲት ቅጽ እጇ ተሳሰረ። ወንድሟ ቀኝ እጁ ላይ መርፌ ስለተሰካ የምትሞላለት እሷ ነበረች። ስሙን ስትጽፍ እስክሪብቶው አልቆ አስቸገራት፤ ፊደሎቹ በጭንቅ የሚታዩ ሆነው ቀሩ። ነርሷ ሌላ አቀበለቻት። ዕድሜ፣ ሃምሳ አንድ። ሥራ፣ ቧንቧ ሠራተኛ። «ሃይማኖት» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። ሦስት ሳጥኖች አሉ፤ ከበታቻቸው ደግሞ «ሌላ ከሆነ ይገለጽ» የሚል ባለነጠብጣብ መስመር።

በዚህችው ጥያቄ ነበር ሃያ ዓመት የተኳረፉት። አባታቸው የሞቱ ሰሞን ወንድሟ «እኔ ከእንግዲህ የማንም ተከታይ አይደለሁም» አለ፤ እሷም በለቀስተኛ ፊት «እኔም ከእንግዲህ ወንድም የለኝም» አለች። ነገሩ ቆይቶ ሊበርድ ይችል ነበር። ግን ሁለቱም ግትሮች ናቸው፤ በግትርነት እንኳ ሃይማኖታቸው አንድ ነው። ልቡን መታመሙን ሰምታ የመጣችው ትናንት ነበር። አንዱ የልቡ ቫልቭ ያፈሳል፤ ዛሬ ይቀየራል፤ ሐኪሙም ቀዶ ጥገናው ከባድ መሆኑን አልደበቀም። ቲቸርን ያስፈራት ሞቱ ብቻ አልነበረም። ባዶውን እንዳይሄድባት ነበር የፈራችው።

«ዝለይው፣ እትዬ» አላት።

«ባዶ ቦታ አትተዉ ተብለናል። ‹የለውም› ልበል?»

«የለውም አትበዪ።» ፊቱ ተለወጠ።

«ታዲያ ምን ልበልህ? እምነት የለሽ?»

«አምናለሁ እኮ።»

«ሃይማኖት የለሽ?»

«እሱማ ስድብ ነው። ሠፈር ውስጥ ሲጣሉ ነው የሚባባሉት።»

«ነፃ አማኝ ሲሉም ሰምቻለሁ።»

«ሳልከፍል የገባሁ አስመሰልሽኝ።»

ሳትወድ በግድ ሳቀች። ከዚያ ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የእናትና የአባታችን ሃይማኖት ሳጥን ላይ ምልክት ላድርግልህ? ማን ያያል?»

«እሱ ያያል።»

«እሱ ማን?»

«እሱ ነዋ!» አለና በግራ እጁ ወደ ላይ አመለከተ። ጣሪያው ሥር አሮጌ የውሃ ቱቦ ያልፍ ነበር፤ ዓይኑ እዚያው ቀረ። «ያ መገጣጠሚያ እያንጠባጠበ ነው። ንገሪያቸው።»

ቱቦውን ስታይ ያለፈው ወር ትዝ አላት። የወጥ ቤቷ ቧንቧ ፈንድቶ፣ ጎረቤቷ ሳታማክራት ወንድሟን ጠራችው። እሱ መጣ፤ እሷ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሥራውን ጨርሶ የውሃ መክፈቻውን ሳራሲኔስካ ሲከፍት ውሃው ሽው ሲል በግድግዳው በኩል ተሰማት። ቀጥሎም የእሱ ድምፅ፣ «ተመስገን። ተመስገን።» ተመስገን የሚባል የሥራ ባልደረባ ይዞ የመጣ መስሏት ነበር። በመስኮት ስታይ ግን ብቻውን ወጣ።

«የዚያን ቀን ወጥ ቤቴ ውስጥ ማንን ነበር የምታናግረው?»

አፈረ። ሪዙ የሸበተ ሰውዬ፣ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ አፈረ። «መገጣጠሚያው ሳያፈስ ሲቀር ሁልጊዜ እላለሁ። አጠገቤ ያለ ይመስለኛል፣ እትዬ። መቼም ጸሎት አይባልም።»

ቲቸር «ተመስገን» የሚለውን ቃል በልቧ መረመረችው። እሷ ደህና ነሽ ወይ ስትባል «ይመስገን» ነው የምትለው፤ ዘመዶቿም ሁሉ እንዲሁ። ይመስገን ለሩቅ ነው፤ ስለ እሱ ለሌላ ሰው የሚወራ። ተመስገን ግን ለቅርብ ነው፤ እፊትህ ላለ፣ አንተ ለምትለው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ «ቅርብ ወንድ፣ ሩቅ ወንድ» እያለች ስታስተምር ኖራ፣ የገዛ ወንድሟ እንዴት አመለጣት? ርቋል ብላ ስታለቅስለት የነበረው ሰው በቅርብ ነው የሚያናግረው። ባዶውን ይሄዳል የሚለው ፍርሃቷ ለቀቃት፤ ተጸጸተችም።

በጥቁር ሰሌዳ እጇ፣ አጉልታ፣ ነጠብጣቡን ሁሉ በሚሸፍን ፊደል «ተመስገን» ብላ ጻፈች።

«ይኸው፣ ተገለጸ።»

አንገቱን ቀና አድርጎ አነበበው። «አዎ» አለ፤ «ይኼ ይሆናል።» ሊወስዱት ሲመጡ እጇን ይዞ ነበር።

ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዓት ጠበቀች። በመጨረሻ አንዲት የማታውቃት ነርስ ዝርዝር ይዛ ብቅ አለች።

«የተመስገን ቤተሰብ!»

ማንም አልተነሣም።

«የተመስገን ቤተሰብ የለም?»

ቲቸር ተናደደች። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ ዘመዳቸውን እዚያ ውስጥ ጥለው የጠፉት? ልትገሥጻቸው ዞር ዞር አለች። ያኔ ነው ቅጹ ላይ በግልጽ የሚነበበው ቃል የትኛው እንደነበር ትዝ ያላት። ዝርዝሩን የገለበጠው ሰው ስም አድርጎታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጠሩት ያልተነሣው ቤተሰብ ማን እንደሆነም ገባት፤ ተነሣች።

«እኔ ነኝ።»

«ምኑ ነዎት?»

«እህቱ ነኝ። ወንድሜ ነው።»

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እናቴ። ቫልቩ ተቀይሯል፤ አያፈስም።»

እንባዋ ቀደማት። አፏ የለመደውን «ይመስገን» ሊል ከጀመረ በኋላ ተወው።

«ተመስገን!» አለች።

ነርሷ ዝርዝሩን አየት አደረገችና ራሷን ነቀነቀች። «አዎ፣ እሱ ነው።»

ቲቸር አላረመቻትም።