ባየህ ሳይሰማ

"ምን አሉ?" አለች ፔትራ ለሁለተኛ ጊዜ።

ፀጉራም ቆብ ያጠለቀው ትንሽ የድምፅ መቅረጫ አሁንም ቄስ አዛናው አገጭ ሥር ተደግኗል፤ ቀይ መብራቱ አልጠፋም። ቄሱ የሚናገሩትን ተናግረው እንዳበቁ የእጅ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። መጀመሪያ ወደ አስተርጓሚዋ ወደ ሰገን፣ ቀጥሎ ወደ መቅረጫው እያመለከቱ፣ "በአፈ ጴጥሮስ፣ በአፈ ጳውሎስ ገዝቼሻለሁ። ይኸንንም ዕቃ ገዝቼዋለሁ። ከዚህ አውድማ እንዳይወጣ" አሉ። ከዚያ መስቀሉን መልሰው ከተቱና ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሱ።

"ሰገን፣ ምን አሉ?"

"ትንሽ ቆዪኝ" አለች ሰገን በእንግሊዝኛ።

ሰገን በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቃ ከመጣች ወዲህ ወረታ ከተማ፣ አክስቷ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው ወረቀት ስታባዛ ነው የከረመችው። ሰው ፊት መናገር ያስፈራታል። ፔትራ ከፕራግ የመጣችው የፎገራን ጎርፍ ለሬዲዮ ልትዘግብ ነው፤ ፓስፖርቷን ኮፒ ልታስደርግ ገብታ እዚያው ተዋወቁ። ፔትራም እንግሊዝኛን ያገኘችው እንደ ሰገን በትምህርት ቤት ወንበር ላይ እንጂ በእናቷ ጉያ አይደለም። ለአገሯ ጋዜጠኞች የተሰናዳ የዜና ሥራ ቃላት ዝርዝር ነበራት፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ ቼክኛው፣ ከሥር ማብራሪያው።

"ቼክኛውን ተይው" ብላ ሰጠቻት። "ከጎኑ ያንቺን ጻፊበት። የእሑዱ ዘገባ ካማረ ከዚህ አገር ወሬ የምትልክልን አንቺ ትሆኛለሽ። አለቃዬን አናግሬዋለሁ።"

ሰገን ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ ዝርዝሩ ላይ ተደፍታ ሰነበተች። ለ"ሶርስ" የወሬ ምንጭ ብላ ጻፈች። ለ"ዴድላይን" የመጨረሻ ቀን። ተነግሮ እንዳይወጣ የሚያዝ ነገር፣ "ኦፍ ዘ ሪከርድ" ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን ጥርሷ ውስጥ ይዛ ቆየችና "ግዝት" ብላ ጻፈች። በዚያ ቃል ደስ ብሏት ነበር። ባዶውን የቀረው "ኢምባርጎ" ነው። ማብራሪያው፣ ወሬው በእጅ እያለ እስከተስማሙበት ሰዓት ሳይነገር የሚቆይበት ስምምነት ይላል። ወሬ እንዴት ተይዞ ይቆያል? ወረታ ላይ ከቤተ ክርስቲያን በር የተነሣ ወሬ ሩዝ መፈልፈያው ዘንድ ለመድረስ ሰው እንኳ አይጠብቅም።

ዛሬ ጠዋት አውድማው ላይ ሲቀመጡ ቄስ አዛናው መቅረጫውን በጥርጣሬ አይተው ነበር።

"ልጄ፣ አፍ ያመልጣል። የማይወጣ ነገር ቢያመልጠኝስ?"

"እነሱም ግዝት አላቸው፣ አባቴ" አለች ሰገን። የተማረችውን በሥራ ላይ የምታውልበት ሰዓት በመድረሱ ልቧ ሞቅ ብሎ ነበር። "እንደኛው ነው። እንዳይወጣ ያሉት አይወጣም።"

የ"ኦፍ ዘ ሪከርድ" ማብራሪያ ግን ሌላም ነገር ይል ነበር። ስምምነቱ የሚያዘው ሰውየው ከመናገሩ በፊት ነው፤ ከአፉ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ልመና አያስርም። ሰገን ይህንን አንብባዋለች፤ ትርጉም ያለው ነገር አልመሰላትም። ካህን ሲገዝት መጀመሪያ ይናገራል፣ ከዚያ ያስራል። ከዚህ ሌላ መንገድ መኖሩን ከወረቀት ላይ ብታነብም ልቧ አልተቀበለውም።

ቄሱ ስለ ሩዙ፣ ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ስለ ሞላበት ሌሊት፣ የታችኛው ጎጥ ሰዎች ስላጡት ማሳ ሲመልሱ ቆዩ። ፔትራ መጨረሻ ላይ፣ "ይህን ጎርፍ እግዚአብሔር በቁጣ ያመጣው ይመስልዎታል?" ብላ ጠየቀች። ሰገን ተረጎመች።

"እግዜርን በሐሰት አላማም" አሉ ቄሱ። "ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ክትሩን የሰበረው ግን ወንዙ አይዶለም። የሰበረው የራሴው ልጅ፣ ዘመኑ ነው። ውኃው ወደኛ ማሳ ሲያዘነብል በዶማ ቆርጦ ወደ ታች ለቀቀው። የታችኛው ጎጡን ሰው፣ የባየህን ሩዝ የወሰደ፣ በሬዎቹን የገደለ የኛ እጅ ነው። ባየህ የንስሐ ልጄ ነው። 'ምን ብበድል ነው፣ አባ?' ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። ቀኖና ሰጠሁት። ላልሠራው ጾመ። አዝመራው ይግባና ጥር ላይ ሽማግሌ ልኬ ልክሰው አስቤ ነበር። እስከዚያ ይኸን ቢሰማ ልጄን በጥይት ይለዋል።"

ቀጥሎ ነው መስቀሉን ያወጡት።

"አንድ ነገር ነግረውኛል" አለች ሰገን አሁን። "እንዳይወጣ ብለዋል።"

"ያሉት ከመናገራቸው በፊት ነው በኋላ?"

"በኋላ።"

ፔትራ መቅረጫውን አጠፋች። "ወረቀቱን አንብበሻል አይደል?"

"አንብቤያለሁ። እሳቸውን ያሳሳትኩ እኔ ነኝ። እንደኛው ነው ብያቸዋለሁ።"

"እንሂድ" አለች ፔትራ ዕቃዋን እየሰበሰበች። ለቄሱ ግን ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

ባጃጁ ጠጠሩን መንገድ ይዞ ወደ ወረታ ሲያዘግም ሾፌሩ ማረው በመስተዋቱ ወደ ኋላ አያቸው። "ምነው፣ እንደ ተኳረፉ ጣውንቶች? ስትሄዱ ስትንጫጩ አልነበር?" አለ።

"አዲስ አበባ የማውቀው ተርጓሚ አለ" አለች ፔትራ። "ድምፁን ዛሬ እልክለታለሁ። ካንቺ ብሰማው ግን እመርጣለሁ።"

"አጥፊው።"

"የተቀረጸ ነገር አላጠፋም። አንዴ ማጥፋት ከጀመርኩ ያስቀረሁትንም የሚያምነኝ አይኖር።" ፔትራ ይህን ያለችው ያለ ቁጣ ነው፤ ሰገንን ያስጨነቃት ይኸው ነበር። "ደግሞ ፕራግ ውስጥ ማን ያውቃቸዋል?"

ሰገን ፎቶ ኮፒ ቤቱን አሰበች። የከተማው ልጆች፣ ፈረንጆች ስለ ፎገራ የሠሩትን ሁሉ ስልካቸው ላይ አውጥተው፣ "እስቲ ተርጉሚልን" እያሉ ይመጣሉ። ይኸኛውን ግን ማንም አያስተረጉማትም። ከትርጉሙ ሥር የሚሰማው የራሳቸው የቄስ አዛናው ድምፅ ነው። እሱን ለመስማት የውጭ ቋንቋ አያስፈልግም።

መንገድ ዳር ሰዎች የታጨደ ሩዝ እየተሸከሙ ያልፋሉ። አንዱ ባየህ ሊሆን ይችላል፤ መልኩን አታውቀውም። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብትልስ? ድምፁ ያለእሷም ይሄዳል። ቄሱ ግን አውድማቸው ላይ፣ ዕቃውን ገዝቼዋለሁ ብለው ተማምነው ተቀምጠዋል። የተማመኑት በእሷ ቃል ነው።

"ማረው፣ አቁም።"

"እዚህ? እዚህ ምን አለሽ?"

"አቁም አልኩህ።"

ማረው እንዲህ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም፤ አቆመ። ፔትራ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

"ሄደሽ ልታስጠነቅቂያቸው ነው? ሰገን፣ ይህ በሥራችን የሚደገፍ ነገር አይደለም። ለአለቃዬ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?"

"የሆነውን" አለች ሰገን፤ ወረደች።

ወደ ቄሱ ቤት የሚመልሰው የእግር መንገድ በታጨደ ማሳ ውስጥ ያልፋል፤ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቶ ከበደ። ደጃፉ ላይ የቄሱ ባለቤት ደብሬ ሩዝ እያሰጡ አገኘቻቸው።

"ምን ረስተሽ ተመለስሽ፣ ልጄ?"

"አባን ፈልጌ ነው።"

ቄሱ ከአውድማው አልተነሡም። ሰገን ቆማ፣ ዐይኗን ከእግሮቻቸው ሳታነሣ ነገረቻቸው። ግዝቱ እሷን እንጂ ዕቃውን እንደማያስር፣ የፈረንጆቹ ሥርዓት የሚያዘው ከቃሉ በፊት እንደሆነ፣ ይህንንም እያወቀች በትክክል እንዳልነገረቻቸው፣ ድምፃቸው እሑድ እንደሚሰማ።

"እኔ ምንም አልተረጎምኩም" አለች መጨረሻ ላይ። "ግን ሌላ ሰው ይተረጉመዋል።"

የቄስ አዛናው ጣት መሬት ላይ የወደቀ የሩዝ ዘለላ እየፈተገ ነበር።

"እሑድ" አሉ።

"አዎ፣ አባቴ። ይቅር ይበሉኝ።"

"አንቺስ መልሰሽ ነገርሽኝ። እኔ ለባየህ ሦስት ወር ሙሉ አልነገርኩትም።" ቀና ብለው አዩዋት። "ጥር፣ ጥር ስል የነበረው ለአዝመራው አይዶለም። ፈርቼ ነው። ሰውየው በንስሐ ስም እግሬን ሲስም እያየሁ ፈርቼ ነው።"

ዘለላውን ጣሉና ተነሡ። መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳረፉ።

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ከግዝቱ ወጥተሻል። ለፈረንጂቱ የምትነግሪያትን ንገሪያት።" ከዚያ ወደ ደጃፉ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ደብሬ፣ ዘመኑን ጥሪልኝ። በትሬንም አምጪ።"

"የት ልትሄዱ?" አሉ ደብሬ፤ የያዙት ሩዝ ከእጃቸው ፈሰሰ።

"ባየህ ቤት።"

"ሽማግሌ ሳይዙ? ሰውየው ጠመንጃ አለው፣ ቄሱ።"

"አለው። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ወሬው ይቀድመናል።"

ዘመኑ ከጓሮ መጣ። ከሰገን በዕድሜ የማይበልጥ፣ ትከሻው ሰፊ ወጣት ነው። አባቱ የሚሄዱበትን ሲነግሩት ፊቱ አመድ መሰለ። ድንጋይ አነሣና ተሸከመ፤ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው አንገቱ ላይ አሳርፎ አጎነበሰ። ደብሬ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቀሩ።

አባትና ልጅ ወደ ታችኛው ጎጥ መውረድ ሲጀምሩ የሰገን ስልክ ጮኸ። ፔትራ ናት። ሰገን የሚጮኸውን ስልክ በእጇ ይዛ ቆመች። አሁን ተፈትታለች። አንድ ጊዜ "ሄሎ" ብላ ሁሉንም ብትነግራት የሚያስራት ነገር የለም፤ ቃል የተገባላት ሥራም ምናልባት ይመለሳል። በታጨደው የሩዝ ማሳ መካከል የሚሄዱት ሁለት ሰዎች እየራቁ ነው። የባየህ ቤት ቆርቆሮ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ያብለጨልጫል።

ስልኩ ጮሆ ጮሆ አቆመ። ሰገን ከቦርሳዋ ያንን ወረቀት አወጣች። "ግዝት" ያለችውን ሰርዛ፣ ባዶ ወደ ነበረው ወደ "ኢምባርጎ" መስመር ወረደች። ቃሉ አሁን ገብቷታል። ስልኳን ከፍታ ለፔትራ በእንግሊዝኛ ጻፈች።

"ቄሱ ፈቅደዋል። ሁሉንም ራሴ እተረጉምልሻለሁ። ግን ኢምባርጎ አለበት፤ ከሁሉ አስቀድሞ መስማት ያለበት ሰው አለ፣ እሱ ቤት እየሄዱ ነው። እስኪሰማ ድረስ ድምፁን ለማንም አትላኪ። ከላክሽ ስሜን ከዘገባው አውጪው።"

መልእክቱ ሄደ። ወዲያው "እየጻፈች ነው" የሚል ምልክት ስልኩ ላይ መጣ። የፔትራን መልስ ልትጠብቅ ትችል ነበር። እዚያው አውድማው ላይ ቆማ፣ ከሩቅ፣ ከሰላም ቦታ።

"አንቺ ደግሞ ወዴት ነሽ?" አሉ ደብሬ፣ እርምጃዋን አይተው። "ተይ፣ ልጄ። ያንቺ ነገር አይዶለም።"

"አውቃለሁ፣ እናቴ" አለች ሰገን።

ስልኳን አጠፋችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ማሳውን አቋርጣ ወረደች፤ የባየህ አጥር ዘንድ ስትደርስባቸው ቄስ አዛናው በትራቸውን ተደግፈው፣ "ቤቶች" እያሉ ነበር። ሰገን ከዘመኑ ጎን ቆመች።