ጎማህን አውልቅ

መጀመሪያ የሚመጣው ድምፁ ነው። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ሁለት የጫማ ሶል እርስ በርስ ሲማታ። ቢተው ገና ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ እንደተጠቀለለ፣ ጋሽ ረጋሳ የፓርኪንጉን ጥግ ተሻግረው መጨረሳቸውን ያውቃል። ከዚያ ይነሳና መጋረጃውን ገለጥ ያደርጋል። ከሦስተኛ ፎቅ ቁልቁል ሲያያቸው የሹራብ ኮፍያቸውና ትከሻቸው ነው የሚታየው። በአንድ እጃቸው ግንቡን ተደግፈው አንዱን እግር ጫማ ውስጥ ይከታሉ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ከዚያ በባቡሩ ሐዲድ በኩል ያለችውን ትንሿን በር ለነዋሪው ይከፍታሉ። ጋሽ ረጋሳ የኮንዶሚኒየሙ የሌሊት ጥበቃ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ የሚገትርህ ምንድነው? ፍቅር ያዘህ እንዴ?» ትለዋለች እህቱ ዘርፌ። አያት ሰፈር ያለው ቤት የእሷ ነው፤ እሱ ሳሎን ሶፋው ላይ ይተኛል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ አልመጣለትም። አሁን መገናኛ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ጓደኛ የሚለው ብዙ ሰው የለውም። ሰው ሲያወራው ልቡ ቀድሞት ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ጋሽ ረጋሳ ጥጉ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን ማውለቃቸውን ግቢው ሁሉ ያየዋል፤ ግን ለሽማግሌ ዘበኛ ምክንያት አይጠፋም። እግራቸው ያብጣል የሚል አለ፣ ጠጠር ገብቶባቸው ነው የሚል አለ። የጠየቃቸው ቢተው ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ዝናብ ይዞት ከጥበቃ ቤቷ ሲጠለል ቆሎ አፈሱለትና ብዙ ሰዓት አብረው ተቀመጡ።

«ይሄ ሁሉ ፎቅ ሳይሠራ እዚያ ጥግ ላይ አውድማችን ነበር» አሉት። «አባቴ እዚያ ወቃ፣ እኔም እዚያ ወቃሁ። አውድማ ደግሞ በጫማ አይረገጥም፣ እህል ነው። አሁንማ ምን አለ? አስፋልት ነው፣ መኪና ነው። ይሄን አውቃለሁ። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ፣ ምን ላድርገው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ቆሎውን እያሹ፣ «ለሰው እንዳትናገር ታዲያ፣ ጉርባ። ጃጀ ብለው ያባርሩኛል።» ጉርባ የሚሉት በኦሮምኛ ልጄ ለማለት ሲፈልጉ ነው።

«ኧረ ምን በወጣኝ ጋሼ!» አለ ቢተው።

«ትርፍ» የተባለችው የሥዕል ጋዜጣ የተወለደችው ከዚያ በኋላ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ነው። ሐሳቡ የያፌት ነበር። ያፌት አብሮት የሚሠራ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነው። አንድ ቀን ደንበኛ ጠፍቶ ስልኩ ላይ ሲያፈጥ ስለ እንግሊዞች አነበበ። ድሮ፣ የእነ ቢተው አባቶች ገና ልጅ ሳሉ፣ ፀጉራቸውን ያንጨባረሩ የእንግሊዝ ወጣቶች ማንንም ሳያስፈቅዱ በሥዕል የተሞላ ጋዜጣ እየሠሩ እጅ በእጅ ይሸጡ ነበር። አንዷ ጋዜጣ ጥቂት ጊዜ ወጥታ ሞተች።

«ገባህ?» አለ ያፌት። «እነሱ ማተሚያ ቤት ለማግኘት መከራ ነው ያዩት። እኛ ማሽኑ እዚሁ አለን። አንተ ትስላለህ፣ እኔ እቸበችባለሁ።»

«ሞተች አላልክም እንዴ?»

«ሞታ ነው እንግዲህ እኔ መገናኛ ቁጭ ብዬ የማነባት!»

ወረቀቱ የተበላሸ ወረቀት ነበር። ማሽኑ አንድ ገጹን አጨማልቆ የሚተፋው፣ ጥግ ላይ የሚከመረው። የተበላሸው ፊት ወደ ውስጥ እንዲሆን ያጥፉታል፤ ስለዚህ «ትርፍ»ን የገለጠ ሰው መሃሏ ላይ የማያውቀው ሰው የሒሳብ ፈተና ግማሹ ሊያገኘው ይችላል። ስሟም የመጣው ከዚያ ትርፍ ወረቀት ነው። የሠሪ ስም አይጻፍባትም። «ስም ከጻፍን ድብቅነቷ ምኑ ላይ ነው?» አለ ያፌት። ቢተው ይሄን ወደደው። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው ገልጦ፣ «ይሄን የሳለው ማነው?» ሲል፣ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ይታየዋል። ሕልሙ እዚያ ላይ ያበቃል።

በመጀመሪያው እትም ክንፍ ያበቀለ አውቶቡስ ከሲኤምሲ ቪላዎች ጣራ ላይ እየተነሳ ቦሌ አንድ የመስታወት ሕንፃ አናት ላይ ሄዶ ሰፈረ። በሁለተኛው ባቡሩ ሐዲዱን ትቶ ወደ ኮተቤ ዳገት እንደ ፍየል ወጣ። ሰው አገላብጦ አየና መለሰው።

«ወንድሜ» አለው ያፌት፣ «አንተ የምትስለው ሕልም ነው። ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ፀሐይ እየመታው ሕልም አይገዛም። የሚያስቅ አምጣ! የምናውቀውን ሰው አምጣ! ሦስተኛዋም እንዲህ ከሆነች እንግሊዞቹ እንኳ ይስቁብናል።»

ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቢተው ማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ ዝም ብሎ እጁን ለቀቀው። ኮፍያ መጣ። ትከሻ መጣ። ጢም ጨመረበትና ሌላ ሰው ያደረገው መሰለው። ጫማዎቹን ግን የሚያውቃቸውን ሳላቸው፤ የግራው ማሰሪያ ጠፍቶ በቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ የታሰረውን ጭምር። ሽማግሌው ዘበኛ ጫማውን አውልቆ ፓርኪንግ መሃል ቆሟል። ላንድክሩዘር ይመጣል። ዘበኛው ዱላውን ያነሳል፦ «አውድማ ነው! ጎማህን አውልቅ!» ሙሉ ልብስ የለበሰው ሹፌር ይወርዳል፣ ክሪክ ያወጣል፣ አራቱንም ጎማ ይፈታል። መጨረሻ ላይ ጎማዎቹን አንገቱ ላይ ደርድሮ፣ በካልሲው፣ በእግር ጣቱ እየረገጠ ያልፋል።

ያፌት ሲያየው ማሽኑ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። «አንተ! ይሄ ሁሉ ጊዜ የት ደብቀኸው ነበር?»

ሦስተኛዋ እትም በወጣች ዕለት ማታ ቢተው አያት የሚሄደው ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ ከፊቱ ያሉ ሁለት ሴቶች አንዷን «ትርፍ» ተሻምተው ሲያዩ አገኛቸው። አንዷ ሳቋን መያዝ አቅቷት የማታውቀውን ሰው ትከሻ ያዘች። ረዳቱ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ አየና ከኋላ ለመጣው ሚኒባስ ጮኸ፦ «አንተ! ጎማህን አውልቅ!» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ቢተው እንደ ሕልሙ ወደ ውጭ ለማየት ሞከረ፤ ፊቱ ግን አልታዘዝ ብሎት ፈገግ አለ። ያን ምሽት ጋሽ ረጋሳን «እንደምን አመሹ» ያላቸው ሳያያቸው ነው።

ሳቁ አያት ለመድረስ አልዘገየም። ቪትዝ መኪና ያለው ካሊድ፣ አንደኛ ፎቅ የሚኖረው፣ በሩ ላይ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋና አንገቱን ያወጣል፦ «ጋሼ! ጎማዬን ላውልቅ ወይስ እንዲሁ ልለፍ?» ሕፃናቱ ኳሳቸውን ትተው ይከተሉታል፦ «ጎማህን አውልቅ! ጎማህን አውልቅ!» ዘርፌ እንኳ ገጿን ከመሥሪያ ቤት ይዛ መጥታ፣ «እየውማ፣ የእኛን ዘበኛ አይመስሉም? ማን እንደሳለው እንጃ፣ እጁ ይባረክ» አለችው። ቢተው ራት አልበላም።

በማግስቱ ማታ ጋሽ ረጋሳ በባትሪ መብራት አንድ በአንድ የመኪናዎቹን ጎማ ሲያዩ አገኛቸው። ጎንበስ ይላሉ፣ በእጃቸው ይነካሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

«የማን ጎማ ነው የጠፋው?» አሉት ቀና ብለው። «ጎማ ጎማ ይሉኛል። አንዱን ብጠይቀው ይስቃል፣ ሌላውን ብጠይቀው ይስቃል። እኔ እያለሁ እዚህ ግቢ ጎማ ተሰርቆ አያውቅም። ከጠፋ ሰው ‘ረጋሳ፣ ጠፋብኝ’ ይላል እንጂ እንዴት ሕፃን ያስጮህብኛል?»

ቢተው ያኔ እውነቱን መናገር ይችል ነበር። ባትሪው መሬት መሬቱን ነበር የሚያበራው፣ ፊቱ አይታይም።

«ቀልድ ነው ጋሼ። አይስሟቸው።»

«ቀልድ ነው?» አሉ። «ተመስገን። የሰው ንብረት ጠፍቶ ሌባ ያሉኝ መስሎኝ ነበር።»

ቢተው ደረጃውን ወጣ።

ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ ጋሽ ረጋሳ ከጥበቃ ቤቷ ጠሩት። ጠረጴዛዋ ላይ ሦስተኛዋ «ትርፍ» ተዘርግታለች፤ አንዱ ልጅ በራቸው ላይ ለጥፏት ነው። ሙጫው እንዳይቀድዳት በጥንቃቄ ነው የላጧት።

«አንተ የወረቀት ሰው ነህ» አሉት። «ይሄ የት ነው የሚሠራው?»

«እንጃ ጋሼ። መገናኛ ብዙ ኮፒ ቤት አለ።»

«ጫማዬን ሳወልቅ ማንም ያየኛል። እሱ አይደንቀኝም።» ጣታቸውን ዘበኛው ዱላ ያነሳበት ቦታ ላይ አሳረፉ። «አውድማ ነው ይላል ግን።»

ቢተው የቆሎውን ጣሳ አየ። ክዳኑ ገጥሟል።

«ምናልባት የዚሁ አገር ሰው ይሆናል የሳለው» አለ። «ድሮ የሚያውቅ።»

ጋሽ ረጋሳ ቀና ብለው አዩት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«ይሆናል» አሉ። ወረቀቷን በእጥፋቷ መልሰው አጠፏት፣ የተበላሸውን ፊት ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት። «ሥዕሉስ ያምራል። ሽቦዋን እንኳ አልረሳትም። እጅ አለው ልጁ።»

ቢተው ከትምህርት ቤት ጀምሮ አንድ ሰው ይሄን እንዲለው ነበር ሲጠብቅ የኖረው። «ደህና ይደሩ» ብሎ ወጣ። ሶፋው ላይ ፊቱን ወደ መደገፊያው አዙሮ ተኛ። ዘርፌ፣ «አመመህ?» አለችው፤ ሁለቴ።

ሰኞ ያፌት ለአራተኛዋ እትም ተዘጋጅቶ ጠበቀው። «ሰው ክፍል ሁለት እያለ ነው! አሁን ደግሞ ባቡሩን ያስቁመው። ‘ሐዲድህን አውልቅ!’ ይበለው።»

ቢተው ቦርሳውን ከፍቶ እሑድን ሙሉ የሠራውን አወጣ። በቆሙት መኪናዎች መሃል በሬዎች ይዞራሉ። አንድ ሰው በባዶ እግሩ ከኋላቸው ይሄዳል፤ ፊቱ ያለ ጢም፣ የጋሽ ረጋሳ የራሳቸው ፊት ነው። መኪናዎቹ መስኮት ላይ ገለባ ተበትኗል። ቃል የለም። ከታች በኩል ብቻ «ቢተው ሳለው» ይላል።

ያፌት አገላበጠው። «ቀልዱ የታለ?»

«የለውም።»

«ስምህን ምን አመጣው? አብደሃል?» ከዚያ ፊቱን ወደ ወረቀቱ ጠጋ አደረገ። ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «እኚህ ሰው… እውነት ሰው ናቸው እንዴ?»

«የግቢያችን ጥበቃ ናቸው።»

ደንበኛ ገባ፣ መታወቂያውን ኮፒ አስደርጎ ወጣ። ያፌት ፊቱን ወደ ቢተው አዞረ።

«ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ ሰሞኑን ሙሉ እንደ ጅብ ስጮህ ነው የከረምኩት። ጎማህን አውልቅ፣ ጎማህን አውልቅ እያልኩ።» አንገቱን አከከ። «ስንት ኮፒ ላውጣ?»

«አንድ። ለእሳቸው።»

ያፌት ከተበላሸው ክምር ሳይሆን ከአዲሱ እሽግ ነጭ ወረቀት አውጥቶ ማሽኑ ላይ ጫነ። የ«ትርፍ» አራተኛ እትም አንዲት ቅጂ ብቻ ነበረች። አምስተኛ አልወጣችም።

ማክሰኞ ጠዋት ቢተው ቀድሞ ነቅቶ፣ ለባብሶ፣ ወረቀቷን ጃኬቱ ውስጥ ይዞ ተቀመጠ። ጋሽ ረጋሳ ጫማቸውን ሲያማቱ ሊወርድ ነበር ያሰበው። የሚለውን ሲለማመድ አድሯል፤ መጀመሪያ «ይቅርታ» ነው፣ ከዚያ የቀረው ራሱ ይመጣል።

ድምፁ አልመጣም።

መጋረጃውን ገለጠ። ጋሽ ረጋሳ ፌስታል ይዘው ጥበቃ ቤቷ በር ላይ ቆመዋል። ከፊታቸው የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ብሩክታይት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቁልፎቹን በእጃቸው ይዘው ያወራሉ። ቢተው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

«የሚለቁት ደመወዙ አንሶዎት ነው?» ይላሉ ወይዘሮ ብሩክታይት። «ወይስ ሰው ተናገረዎት? ይንገሩኝ እንጂ ጋሽ ረጋሳ፣ እንዲህ ድንገት!»

«ምንም የለም እመቤቴ። ምንም የለም።»

ካሊድ በቪትዙ መጥቶ በሩ እስኪከፈት ቆመ። ፌስታሉን ሲያይ ጥሩንባውን አልነካም። ጋሽ ረጋሳ ትልቁን በር ከፈቱለት፣ አሳለፉት፣ መልሰው ዘጉ። ከዚያ ቢተውን አዩት።

«እንደምን አደርክ፣ ጉርባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። ጋሼ፣ እኔ…»

ጠበቁት። እጁ ጃኬቱ ውስጥ ገብቶ የወረቀቷን ጠርዝ ያዘ። አላወጣትም። ወይዘሮ ብሩክታይት አንዴ እሱን አንዴ እሳቸውን ያያሉ።

ጋሽ ረጋሳ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለምን እንደሆነ አልታወቀም። ፌስታሉን አነሱና ወደ ትንሿ በር ተራመዱ። ጥጉ ጋ ሲደርሱ ቢተው እንደ ልማዳቸው ጎንበስ እንዲሉ ጠበቀ፣ እጃቸው ወደ ግንቡ እንዲሄድ ጠበቀ። አልቆሙም። በጫማቸው፣ ሽቦ በታሰረችው ጭምር፣ ቀጥ ብለው መሃል ለመሃል ተሻገሩት። ሶላቸው አስፋልቱ ላይ ሲያርፍ ይሰማል።

ትንሿን በር ከፍተው ወጡ። አልዘጓትም።