ስርጉዱ ጣሳ

ሚዛን ጠጋኙ ሽማግሌ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የቀረበለትን ዳቦ ቀመስ አድርጎ መግፋት ልማዱ ሆነ። አርባ ዓመት የበላው የእሷን ዳቦ ነው፤ የሌላው ሁሉ አፉ ላይ ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይለዋል። ልብስ ሰፊዋ ልጁ ሰውነቱ ከቀን ወደ ቀን ሲሟሽሽ አይታ አላስችላት አለ። የእናቷን ዳቦ ራሷ ልትጋግርለት ቆረጠች።

እናትየው ጽፋ የተወችው አጭር ነበር፤ ሦስት ጣሳ ዱቄት፣ አንድ ሊትር ውሃ፣ አንድ ማንኪያ እርሾ፣ ጨው። ጣሳው ግን ቤት ሲቀይሩ ጠፍቷል።

«የሊትር ጣሳ ነበረ» አለች ልጅቱ ለራሷ። «ሊትር ደግሞ ኪሎ ነው።» ሦስት ኪሎ ዱቄት መዝና ለማቡካት ታገለች። ሊጡ እጅ አላስገባ አለ።

ሽማግሌው ብቅ ብሎ አየና ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። «ምን ልትገነቢ ነው የኔ ልጅ?»

«አታሹፍ አባዬ! ሊትር ኪሎ አይደል እንዴ?»

«እሱ ለውሃ ነው። ዱቄት መሀል መሀሉ አየር ነው፤ ሊትሩ ስድስት መቶ ግራም ቢመዝን ነው። የሚዛን ጠጋኝ ልጅ ሆነሽ ታሰድቢኝ!»

በማግሥቱ አዲስ የሊትር ጣሳ ገዝታ ሦስት ጊዜ ሰፈረች። አሁንስ ዳቦ መሰለ። ሽማግሌው ቆረሰ፣ አላመጠ።

«ደረቀብህ?»

«ጥሩ ነው» አለና ሳህኑን ገፋ።

ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሽማግሌው ያን ሲያይ አዲሱን ጣሳ አንሥቶ አገላበጠው። አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ፈልጎ አጣ።

«ስርጉዱ!» አለ።

«የምን ስርጉድ?»

«የእናትሽ ጣሳ ጎኑ የተሰረጎደ ነበር እኮ። በተጋባን በዓመቱ የሁለት ኪሎውን የሚዛን ድንጋይ ጣልኩበት። ላቃናልሽ ብላት፣ ተወው ለአውራ ጣቴ ተመቸኝ አለች።»

ከአልጋው ሥር የመሣሪያ ሳጥኑን ጎተተ። ያው ድንጋይ አሁንም አለ። ጣሳውን ወለሉ ላይ አጋድሞ መታ አደረገው፤ ጣቱን ሰደደበት፤ ጠበበው። ደግሞ መታው። ለሦስተኛ ጊዜ ሊመታ ድንጋዩን አነሣና ተወው። የእሷ ጣት ከእሱ ይቀጥን ነበር።

ልጅቱ ጣሳውን ውሃ ሞልታ መዘነችው። የጣሳው ክብደት ሲቀነስ ዘጠኝ መቶ ግራም ሆነ።

«መቶ ግራም ውሃ የሚይዝ ቦታ ጎድሏል!» አለች። «ሦስቴ ሲሰፈር ወደ መቶ ሰማንያ ግራም ዱቄት ነው። ለካ ለዚህ ነው የደረቀው!»

ከሰዓት በኋላ የቀረበው ዳቦ ለስላሳ ነበር። ሽማግሌው አንድ ቁራሽ በላ፤ ደገመ። ሦስተኛውን ሲያነሣ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ምነው አባዬ? አሁንም አልሆነም?»

«ሆኗል» አለ። «ነይ እንጂ ይቀዘቅዛል፣ ልላት ነበር።»

ቁራሹን ግን አልገፋውም። ጨርሶ እስኪበላው ድረስ ጣሳውን በግራ እጁ ይዞ ነበር፤ አውራ ጣቱ ስርጉዱ ውስጥ እስከ መጨረሻው አልገባ ብሎት።