ወድቀው ነው

…ሃያ በመቶ ይላል፣ ዘረፋ በሃያ በመቶ ቀንሷል፣ እንዴት ያለ ድፍን ቁጥር ነው፣ ሽራፊ እንኳን የለውም፣ እና እሷ ፈገግ ትላለች፣ ፈገግታ በሬዲዮ ባይታይም ይሰማል ብለው ነው ያስተማሯት፣ ክቡር ኢንስፔክተር ይህ ለአድማጮቻችን ትልቅ የምሥራች ነው፣ ትላለች ባማረው ድምፅዋ፣ ውስጧ እርር ድብን እያለ። ቀንሷል። ማን ቀነሰው? አንተ። ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ።

አላወቃትም እኮ። ይኼ ነው የሚያበግናት፣ ይኼው ነው ደግሞ ደስ የሚላት። ጠባብ ስቱዲዮ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ፣ በመካከላቸው አንድ ጠረጴዛና ሁለት ማይክሮፎን፣ የሰውየው ሽቶ አፍንጫዋ ሥር፣ ቆቡን አውልቆ ከውሃው ብርጭቆ አጠገብ አስቀምጦታል፣ ሲገባ ጠዋት ጠዋት ድምፅሽን ሳልሰማ ከቤት አልወጣም፣ እንደው ማር ነሽ አላት። ማር። ያን ቀን ፖሊስ ጣቢያ ማር አልነበረችም፣ የአባቷን ደም በሻርፗ ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ነበር፣ ሲጮህ የነበረው ታላቅ ወንድሟ ወንድምዓለም ነው፣ ይኼ ሰው ደግሞ የጣቢያው ተረኛ ነበር፣ አንዴም ቀና አላለም፣ ሻዩን እያማሰለ ለጸሐፊው፣ ወድቀው ነው በል፣ ደረጃ ስተው። ወድቀው ነው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ዛሬ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆኗል፣ ሰው ከዚህ በላይ ምን ሠርቶ ይሾም።

አባዬ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ጡረታ ከወጣም በኋላ አላረፈም፣ የጎረቤት ልጆችን ያስጠናል፣ ያን ቀን አመሻሽ ላይ ከማስጠናት ሲመለስ፣ ሰፊውን መንገድ በሚያሻግረው የእግረኛ ድልድይ ላይ አንዱ በብረት አናቱን ብሎት ቦርሳውን ይዞበት ሮጠ፣ ቦርሳው ውስጥ ምን አለ፣ የመነጽር ማኅደርና የተፋቀ እርሳስ፣ በእርሳስ ሰው ይገደላል? ድልድዩ ሥር ጋዜጣ የምትሸጠው ሴትዮ ጣቢያ ድረስ አብራቸው መጥታ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ በብረት ነው የመታቸው ስትል፣ ማን ጆሮ ሰጥቷት። አሁን አባዬ ቃል ይጠፋበታል፣ ሰባትና ስምንት ይምታቱበታል፣ ያ ማባዛት እንደ ዘፈን በቃሉ የሚወርድለት ሰው የገዛ ቤቱን ደረጃ ቆጥሮ አይጨርስም።

ለእሱም ያሉት ይኼንኑ ነው። ወድቀህ ነው። እማዬና ወንድምዓለም ሆስፒታል ኮሪደር ላይ መከሩ፣ እንዳይደነግጥ፣ ሰው እየፈራ እንዳይኖር፣ ወድቋል እንበለው፣ መንግሥትም ያለው ይኼንን ነው፣ እሷ ወንድምዓለም ተው እንጂ፣ እውነቱን ይወቀው ስትለው፣ አንቺ ደግሞ፣ ቂም ይዞ ምን ይፈይድለታል አላት። ለእሱ ምን እንደሚፈይድለት እንጃ፣ ለእሷ ግን ፈይዷታል፣ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳት ቂሟ ነው። አባዬ ሰው የነካኝ ይመስለኛል ሲል፣ አይ፣ ወድቀህ ነው፣ እንደገና ሲጠይቅ፣ ወድቀህ ነው አላልንህም፣ እስኪበቃው። እስኪያምን። አሁን ይቅርታ ይጠይቃል፣ እማዬ ሾርባውን ስታቀርብለት፣ መራመድ እንኳን አቅቶኝ አስቸገርኳችሁ ይላል፣ አንጀት ይበላል፣ እማዬም ብቻውን ወጥቶ ደግሞ እንዳይወድቅ ብላ ጫማውን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቅላበታለች። በካልሲ ነው የሚውለው። በካልሲ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል፣ ልጄ ናት ይላል ለመጣ ሁሉ፣ አሁንም እየሰማ ነው፣ ይኼንን ሃያ በመቶ።

ኢንስፔክተሩ ቀጥሏል፣ ስለ ጥንቃቄ። ዜጎች ራሳቸውን መጠበቅ አለባቸው፣ ስልክን በአደባባይ አለማውጣት፣ አባዬ ስልክም አልያዘም፣ ጨለማ ቦታ አለመሄድ፣ ድልድዩ ላይ አምፖል ያልሰቀለው ማነው፣ አባዬ ነው?፣ መንገድ መቀያየር፣ የቱን ከየቱ ይቀያይር፣ በመኪና መሃል ይሻገር? ቦርሳን በመኪና መንገድ በኩል አለማንገት። እሷም እኮ ይኼንኑ ነው የምታነበው፣ የዕለቱ ጥንቃቄ፣ ከዜና ቀጥሎ፣ በማር ድምፅ፣ ውድ አድማጮቻችን ድልድይ ላይ ብቻዎን አይሂዱ፣ አባዬም ቤት ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል፣ ምክር እንደሚሰማ ተማሪ። የተመታው ሰው ይመከራል፣ የመታው ሰው በነጻ ይሄዳል፣ ወድቀው ነው ያለው ሰው ሥልጣን ላይ ይወጣል፣ ጥሩ አገር ነው።

ክቡር ኢንስፔክተር፣ ትላለች፣ ሃያ በመቶ ከስንት ላይ?

አላሰበችውም፣ የአባዬ ጥያቄ ነው ከአፏ ያመለጠው፣ መቶኛ ብቻውን ባዶ ሳህን ነው ይል ነበር፣ የትኛውም ነጋዴ፣ የትኛውም ሹም መቶኛ ሲያወራችሁ ከስንት ላይ በሉት። ሰውየው ይስቃል፣ ጥርሱ ያምራል፣ ከተመዘገበው ላይ ነዋ እህቴ! ይላል። ከተመዘገበው። ያልተመዘገበስ? ያልተመዘገበውማ ወንጀል አይደለም። በሬዲዮ፣ በቀጥታ ስርጭት፣ ሳያፍር። እና ምን ትለዋለች፣ አባቴን አውቀኸዋል ወይ ብትለው፣ እናጣራለን ይላል፣ እናጣራለን የሚሉት ካፖርት አላቸው፣ ሲበርዳቸው ይለብሱታል። ስታቅድ የሰነበተችው ያንን ነበር፣ በቀጥታ ስርጭት ማፋጠጥ፣ ሌሊቱን በአልጋዋ ውስጥ ስትለማመደው አድራ አሁን ከንቱ ሆነባት፣ በዚህ ቆብ ፊቱን ብላጋው ይሻላል፣ ውሃውን ደረቱ ላይ ብደፋበት፣ አይ፣ አይረባም፣ ይደርቃል።

እረፍት እናድርግ፣ ከሙዚቃ በኋላ እንመለሳለን፣ ትላለች። ከመስተዋቱ ወዲያ ቴክኒሻኑ ዘፈኑን ይለቀዋል፣ ሹክሹክታ ነው የቴክኒሻኑ ቅጽል ስም፣ ሠራተኛው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራው፣ ድምፁ ከአንገቱ በላይ ወጥቶ አያውቅም። እጇ እንደ ልማዱ ወደ ተንሸራታቹ ቁልፍ ይሄዳል፣ ማይክሮፎኖቹን የሚከፍትና የሚዘጋው ቁልፍ እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሽቅብ ክፍት፣ ቁልቁል ዝግ፣ ዘፈን በገባ ቁጥር ቁልቁል። ይኼንን የረሳ ወዮለት፣ ከእሷ በፊት የነበረው አቅራቢ ረስቶ ስለ ሥራ አስኪያጁ ሚስት ያወራውን አገር ሰማው፣ በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ነበር፣ ያ ወንበር ነው የሷ ወንበር።

እጇ ቁልፉ ላይ። ሰውየው ግድግዳውን ቀና ብሎ ያያል። ቀዩን መብራት ነው የሚያየው፣ እንግዳ ሁሉ ያያል፣ ከበር ሲገባ ነግረውታል፣ ቀዩ ሲበራ አገር እየሰማህ ነው፣ ሲጠፋ እንደፈለግህ ሁን። መብራቱ ግን ከሰሞኑ ተቃጥሏል። አዲስ አምፖል ይገዛል ተብሎ እስካሁን አልተገዛም፣ ሠራተኛው ያውቃል፣ ዓይኑን ቁልፉ ላይ ነው የሚያደርገው፣ ለእንግዳ የነገረው ግን የለም፣ ማን ትዝ ብሎት። ጆሮ ማዳመጫ ደግሞ ጆሮዬን ይጠብበኛል ብሎ ገና ሲገባ ገፍቶታል፣ ምን እንደሚተላለፍ በምን ይወቅ። ሰውየው ጨለማውን አምፖል አየና እፎይ ብሎ ቀበቶውን ላላ አደረገ።

አላወረደችውም።

ከመስተዋቱ ወዲያ ሹክሹክታ ቀና አለ፣ ቁልፉን አየ፣ እሷን አየ፣ ከፍተሽዋል ብሎ በጣቱ አመለከታት፣ አይታዋለች፣ ዓይኗን አልነቀለችም፣ አባቷን ያውቃል ሹክሹክታ፣ ልጁን ያስጠናለት እሱ ነው፣ ሹክሹክታዬ፣ ወንድሜ፣ አትንካው። ጣቱን መለሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው ወዲያ እያየ፣ ዘፈኑን ዝቅ አደረገው።

ሃያ በመቶ ግን በረታችሁ፣ ትለዋለች፣ እንዴት ቻላችሁት? እንዴት ያለ የዋህ ድምፅ ነው ይኼ፣ ከየት መጣላት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ተይኝ እቴ፣ አንቺ የኛ ሰው ነሽ፣ ቁጥር ማውረድ እኮ ሌባ መያዝ አይደለም፣ አንዱን ዘረፋ ብለሽ መዘገብሽ ማለት ምርመራ ከፈትሽ፣ ምርመራ ከተከፈተ መዘጋት አለበት፣ ካልተዘጋ አለቃ ይመጣብሻል፣ መውደቅ ግን ማንንም አይጠይቅም። ሰው ይወድቃል፣ እኛም ጣቢያ ብዙ ሰው ወድቋል፣ ሃሃ። የድልድዩስ ነገር? ኧረ የድልድዩን አታንሺብኝ፣ እዚያ ሰው ሲመታ የኖረበት ነው፣ አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩ፣ አናታቸውን በብረት ተብለው ይዘዋቸው መጡ፣ ልጃቸው ይጮሃል፣ ወድቀው ነው ብዬ አስጻፍኩ፣ ምን ላድርግ፣ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ደርሶብኝ።

ምን ላድርግ አለ። ብርጭቆውን ጨብጣዋለች፣ እንዳይሰበር ለቀቀችው፣ በል ቀጥል፣ ቀጥል የኔ ጌታ፣ ሁሉንም ተፋው፣ አባዬ ሰማህ? ስማ፣ ስማ፣ አልወደቅህም፣ አፉ ራሱ ይናገር፣ ደስ ይላታል፣ ኃጢአት ነው አይደለም አታውቅም፣ ሰውነቷ ሁሉ ደስ ይለዋል፣ ሚስቱ ትስማው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይስሙት፣ የሾሙት ይስሙት፣ ወንድምዓለምም ሱቁ ውስጥ ሆኖ ይስማ፣ ቂም ምን እንደሚፈይድ ይየው።

ሽማግሌው ግን ወንድ ናቸው፣ ይላል ሰውየው፣ ውሃ ተጎንጭቶ። ምን? እንዴት? ጋዜጣ ሻጯ በነጋታው መጥታ ነዘነዘችኝ፣ ሌባውን አንቀው ይዘውት ነበር አሉ፣ ያን ጎረምሳ፣ ድልድዩ ብረት ላይ አጣብቀው፣ ከኋላ ሌላ ጓደኛው መጥቶ ባይመታቸው አይለቁትም ነበር፣ ደም እየፈሰሳቸው እንኳን ቆመው ነበር አለች፣ ሰው መጥቶ ነው ያስቀመጣቸው። እንደውም አልወደቁም፣ ይልና ይስቃል፣ በገዛ ቀልዱ።

አልወደቁም።

ይኼን አላወቀችም። ማንም አልነገራትም። ቂሙ አለ፣ የትም አልሄደም፣ ግን ከጎኑ ሌላ ነገር መጥቶ ተቀምጧል፣ አባዬ አንቆ ይዞት ነበር፣ ያ ጠመኔ ብቻ የሚያውቅ እጅ፣ ቆሞ ነበር፣ ቆሞ፣ እና እነሱ በካልሲ አስቀመጡት።

ከመስተዋቱ ወዲያ የቴክኒሻኑ ክፍል በር ይደበደባል። ሥራ አስኪያጁ ነው፣ በበሩ መስተዋት በኩል አፉ ይከፈታል ይዘጋል፣ እጁን አንገቱ ላይ ያሻግራል፣ ሹክሹክታ በሩን ከውስጥ ቆልፎታል፣ ሹክሹክታ! ኢንስፔክተሩ ወደ በሩ፣ ወደ ጨለማው አምፖል፣ ወደ ቁልፉ፣ ቁልፉ ሽቅብ ነው፣ ከፊቱ ላይ ቀለም ሲሄድ አየችው፣ ይኼን ለማየት ስንት ቀን ጠበቀች፣ የማን ልጅ ነሽ አንቺ? አላት፣ ገና አሁን ነው ያያት፣ የወደቁት ሰውዬ ልጅ፣ አለችው። ቆቡን ለማንሳት ሞከረ፣ ብርጭቆውን ደፋው።

የስቱዲዮው ስልክ ይበራል። የስልኩ አምፖል አልተቃጠለም፣ ከቤት ነው፣ እማዬ ናት፣ ታነሳዋለች፣ ልጄ ምን ጉድ ነው ያወራችሁት፣ አባትሽ እኮ፣ እማዬ ቀስ በይ፣ አባትሽ ይስቅ ያልቅስ አላውቅም፣ አንቄ ይዤው ነበር ይለኛል፣ ነግሬሽ ነበር ይለኛል፣ ወንበር ላይ ቆሞ ጫማውን አወረደ፣ ትወድቃለህ ብለው፣ እኔ አልወድቅም አለኝ፣ እንደዚያ አድርጎ ቆጥቶኝ አያውቅም፣ ወጣ፣ ብቻውን ወጣ ልጄ፣ ወዴት እማዬ? ወዴት አለ? ወደ ድልድዩ ነዋ።

ማሰሪያውን አስሮታል? ይኼን ነው መጀመሪያ ያሰበችው፣ የጫማውን ማሰሪያ፣ ሞኝ። ድልድዩ ላይ አሁንም አምፖል የለም፣ ቀን ነው ግን፣ ቀንስ ቢሆን፣ የመቱት እዚያው ይሆኑ ይሆናል፣ ማን ያዛቸው፣ ወድቀው ነው ተብሎ ማን ይያዛል፣ ሬዲዮውን ትቶት ወጥቷል አይሰማኝም፣ የዕለቱ ጥንቃቄ ወረቀት ፊት ለፊቷ ነው፣ ድልድይ ላይ ብቻዎን አይሂዱ፣ በሩ ሊሰበር ነው፣ ቁልፉ ሽቅብ ነው፣ ወረቀቱን ገለበጠችው።

ድልድዩ አካባቢ ያላችሁ፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ማር አይደለም፣ የሚንቀጠቀጥ የገዛ ድምፅዋ ነው፣ ባለሱቆች፣ ጋዜጣ ሻጯ እናቴ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰ ሽማግሌ ወደ እናንተ እየመጣ ነው፣ መነጽር የለውም፣ አትያዙት፣ አትደግፉት፣ አይወድቅም፣ ብቻ እባካችሁ ከጎኑ ሆናችሁ አብራችሁት ተሻገሩ።