የገጽ ሰማንያ ሦስት ምሳ

ጋሽ ዓባይ ስለ ፎቶው ሲናገሩ እንዲህ ነው፦ «ሽቅብ ሲታይ በግራ በኩል ያለው ሱቅ የአባቴ ነው። ጓዳው ውስጥ ነው የተወለድኩት። እንግዲህ በረንዳው ላይ መሀል ተቀምጦ የሚበላው ሰው አባቴ ነው። የስፌት መኪናው ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ ያን ጊዜ ጨርቅ ነጋዴ ሁሉ በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊ ያስቀምጥ ነበር። መኪናው የሰፊው ነው።»

ኦቦ በድሪ ሲናገሩ ደግሞ እንዲህ ነው፦ «መሀል ተቀምጦ የሚበላው ሰው አባቴ ነው። ሃያ ዓመት አብሬው የኖርኩትን አባቴን ነው የምስተው? መኪናውም የእሱ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰው ደግሞ ምሳውን የሚበላው በገዛ ደጁ ነው። ስለዚህ ሱቁ የእኛ ነው።»

ፈርዶሳ ሁለቱንም ቃል በቃል በልቧ ይዛቸዋለች። ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት በኋላ ሌላውን ስትሰማ ሦስት ሳምንት ሞላት።

ፈርዶሳ ከጭሮ መናኸሪያ ከፍ ብሎ ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ንባብ ቤት የምታስተዳድር ወጣት ናት። ከንባብ ቤቱ ሰው አይጠፋም። የሚመጡት ግን አብዛኞቹ ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች ስለሆኑ የሚፈልጉት ወንበሩንና መብራቱን ነው። መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርደው፣ ገልጠው፣ አይተው የሚደሰቱት ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ጋሽ ዓባይ የሱቅና የመጠጥ ቤት ጽሑፍ ሲጽፉ፣ የጭነት መኪና በር ላይ አንበሳና ጽጌረዳ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሚኤሶ እስከ ገለምሶ ብሩሻቸው ያልነካው ግድግዳ የለም። ኦቦ በድሪ ደግሞ ጡረታ የወጡ የአይሱዙ ሾፌር ናቸው። ሁለቱ ጓደኛ ከሆኑ ሃምሳ ዓመት አልፏል።

በየቀኑ ከአሱር ሶላት በኋላ ይመጡና መጀመሪያ የሠዓሊዎችን ሕይወት የሚተርኩትን ባለ ሥዕል መጻሕፍት ያወርዳሉ። ጋሽ ዓባይ ገጹን በጣታቸው አይገልጡትም፤ ቀለም እንዳይነካው እንደሚፈራ ሰው በመዳፋቸው ጎን ነው የሚያገላብጡት።

«አየህ ይኼን? ጎረቤቶቹ አብዷል ብለውት ነበር» ይላሉ።

«አንተንስ መች ተዉህ?» ይመልሳሉ ኦቦ በድሪ።

ቀጥሎ ፍቺ የሌላቸው ግጥሞች ተሰብስበው የታተሙበት የልጆች መጽሐፍ ይመጣል። ይሄ የኦቦ በድሪ ድርሻ ነው። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው ቀጥ ብለው ይጀምራሉ፦

ዝሆን ባጃጅ ነዳ፣ ቁንጫ ነው ረዳቱ፤
ሚኤሶ ሲደርሱ ጠፋባቸው ምሽቱ፤
ግመሏ ዣንጥላ ዘርግታ ብትመጣ፣
ዝናብ አፈረና ወደ ሰማይ ወጣ።

ከዚያ ወደ ኦሮምኛ ይመልሱታል። በኦሮምኛው ዝሆኑ መንጃ ፈቃዱን ይቀማል፣ ቁንጫው ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ይሟገታል። ጋሽ ዓባይ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ቀና ብሎ «ለመሆኑ ትርጉሙ ምንድን ነው?» ቢላቸው፣ ኦቦ በድሪ ተቆጡ።

«ትርጉም ቢኖረውማ መች አነበው ነበር! ትርጉም ያለው ነገር ቤቴ ሞልቶኛል። ሞሚና አለችልኝ።»

ሞሚና ባለቤታቸው ናቸው።

ይህን ሁሉ ያፈረሰችው ፈርዶሳ ራሷ ናት፤ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ታስባለች። ከአዲስ አበባ በስጦታ ከመጡት መጻሕፍት መሀል በባቡሩና በመኪናው መንገድ ዳር ያሉትን ከተሞች የድሮ ፎቶግራፎች የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ነበር። ገጽ ሰማንያ ሦስት ላይ «አሰበ ተፈሪ፣ በሃምሳዎቹ፤ ምሳ በሱቅ ደጃፍ» የሚል አገኘች፤ አሰበ ተፈሪ የጭሮ የድሮ ስሟ ነው። ሽማግሌዎቹን ደስ ላሰኝ ብላ ራሷ ገልጣ ፊታቸው አኖረችላቸው። ሽቅብ የሚወጣ አቧራማ መንገድ፣ በግራ በኩል በረንዳ ያለው ሱቅ፣ በረንዳው ላይ አንድ የስፌት መኪናና አንድ ትሪ የከበቡ ሦስት ሰዎች። አንደኛው ጀርባውን ሰጥቷል። መሀል ያለው ካሜራውን አላየም፤ ሊጎርስ ነው።

ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ «አባቴ!» አሉ። ከዚያ ዞረው ተያዩ።

መጀመሪያ ተሳሳቁ። ቀጥሎ ተከራከሩ። የአባቶቻቸው ሱቆች መንገዱን ይዘው ፊት ለፊት የነበሩ መሆናቸውን ሁለቱም ያውቃሉ። የቱ በግራ፣ የቱ በቀኝ እንደነበረ ግን አልተስማሙም፤ መንገዱ ሊሰፋ ሲፈርሱ ሁለቱም ልጆች ነበሩ፤ ዛሬ በቦታው ያለው ፎቅ ነው። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ዓባይ «እሺ፣ አባትህ ይሁን፤ እንግዲያው የአባቴ ቅጥር ልብስ ሰፊ ነበር ማለት ነው» አሉ። ኦቦ በድሪም «አባቴን ቅጥረኛ አደረግኸው? ቤቱ የእኛ ነበር፤ እናንተ ተከራይ ነበራችሁ!» አሉ። ይህ የወጣው ከንዴት እንጂ ከእውቀት አልነበረም። ግን ወጣ። ጋሽ ዓባይ ባርኔጣቸውን አንስተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት ሆነ። የሠዓሊዎቹን መጻሕፍት ያወረደ የለም። የግጥሙ መጽሐፍ ላይ አቧራ ተቀመጠ። ጋሽ ዓባይ አጉሊ መነጽር ገዝተው ያንን ፊት ብቻ ሲመረምሩ ያረፍዳሉ። አባታቸው ሲሞቱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ፎቶ የሚባል አልቀረላቸውም፤ መልካቸውንም አያስታውሱም። ኦቦ በድሪ ግን የገዛ አባታቸውን ያስታውሳሉ። የሳቸው አባት ደግሞ ፎቶ መነሳት ስለማይወዱ፣ ከሞቱ በኋላ ለልጅ ልጅ የሚያሳይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልተገኘም።

መጽሐፉ መጨረሻ ላይ አሳታሚው አንድ ማስታወሻ ጽፏል። በፎቶው ላይ ያለን ሰው የሚያውቅ ይጻፍልን፤ ከቤተሰቡ ውጪ የሆነ አንድ ምስክር ይፈርምበት፤ በሁለተኛው እትም ስሙን እናስገባለን ይላል። ሁለቱም ጻፉ። ሁለቱም ደብዳቤያቸውን ለፈርዶሳ ሰጡ። የምስክሩ መስመር በሁለቱም ላይ ባዶ ነው። ያን ዘመን የሚያስታውሱት አልቀዋል፤ ለጋሽ ዓባይ ሊመሰክር የሚችል በሕይወት ያለ ሰው ኦቦ በድሪና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው፤ ለኦቦ በድሪም ጋሽ ዓባይ ብቻ።

ሐሙስ ዕለት ከአሳታሚው ተደወለ። ሁለተኛው እትም ማክሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ደብዳቤ ካለ እስከ ሰኞ ይላክ ተባለች። ፈርዶሳ ስልኩን ዘግታ ብዙ አሰበች። አንዱን ብትልክ ሌላውን ለዘላለም ታጣለች። ሁለቱንም ብትልክ፣ ሁለት የተጣሉ ሽማግሌዎች አሉ ብላ ለአገር ማሳወቋ ነው። ምንም ባትልክ ደግሞ ያ ሰው ስም የለሽ ሆኖ ሊቀር ነው። በመጨረሻ ለሁለቱም አንድ ሰዓት ቀጠረቻቸው፤ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። አንዱ ሌላው እንደሚመጣ አልነገረቻቸውም።

ቅዳሜ ጋሽ ዓባይ ቀድመው መጥተው ተቀመጡ። ቆየት ብሎ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመና ኦቦ በድሪ ወረዱ። ከኋላቸው ሞሚና ወረዱ።

«አሰላሙ አለይኩም። ቤቴን ያመሰው ወረቀት የቱ ነው?» አሉ ሞሚና ገና ከደጃፉ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ይሄ ሰውዬ ሳሎን ተጎልቶብኝ! ልጥረግ ስል እግሩ፣ ልቀመጥ ስል ጋዜጣው። ወይ አስታርቂልኝ ወይ እዚሁ መደርደሪያሽ ላይ አስቀምጪልኝ!»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ጋሽ ዓባይ ሊነሱ ሲሉ ሞሚና በዓይናቸው አስቀመጧቸው።

«አንተም ቁጭ በል ዓባይ። እስቲ አምጪው ልጄ።»

ፈርዶሳ መጽሐፉን ገለጠችላቸው። ሞሚና መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። ያደጉት ከልብስ ሰፊው ቤት ሦስት በር አልፎ ነው።

«ይሄማ አማቴ ናቸው!» አሉ። «አብዱናስር ናቸው፤ ይሄ ግንባር እኮ ነው በልጆቼ ሁሉ ላይ ያለው።»

«ሚስት ለባሏ መሰከረች» አሉ ጋሽ ዓባይ ወደ መስኮቱ እያዩ። «በየትኛው ችሎት ነው ይሄ የሚያዝ?»

ሞሚና ግን አልሰሟቸውም። ጣታቸውን ፎቶው ላይ እንዳደረጉ ፊታቸው ተለወጠ።

«ወይ ረቢ! ምን ሆነው ነው በግራቸው የሚጎርሱት?»



«ማነው በግራው የሚበላው?» ኦቦ በድሪ ደም ሥራቸው ተገተረ። «ከቅጥረኝነት ቀጥሎ ደግሞ ይሄ መጣ? አባቴ ቢስሚላህ ሳይል ውሃ የማይጎነጭ ሰው!»

«እኔ ምን ላድርግህ፤ እየው! ግራ እጃቸው ነው። ይሄኛውም በግራው ነው። ጀርባውን የሰጠውም ክንዱ በግራ ነው የተዘረጋው። ሦስት ሰው ሙሉ! አገሩ ሁሉ አብዶ ነበር እንዴ?»

ፈርዶሳ አየች። እውነት ነው። ሦስት ሳምንት ሁለት አዋቂ ሰዎች በአጉሊ መነጽር ያልመረመሩት ቋሚ፣ ያልቆጠሩት ቆርቆሮ የለም። ትሪው ውስጥ የገባውን እጅ ግን ማንም አላየም። እሷም አላየችም።

ቀና ስትል ዓይኗ ጋሽ ዓባይ ላይ አረፈ። ሽማግሌው መጽሐፉን ሳይሆን ባዶ መዳፋቸውን ነው የሚያዩት። ቀኙን አዩ፤ ግራውን አዩ። እንደገና ቀኙን። አንድ ነገር እንደገባቸው፣ የገባቸውም ነገር እንዳልተመቻቸው ከፊታቸው ታነባለች። ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው አልነበረም።

«ፈርዶሳ» አሉ በመጨረሻ፣ «መስታወት አለሽ?»

«ትንሽ ናት ጋሽ ዓባይ፤ ለፊት ብቻ የምትሆን።»

«ባጃጁ አልሄደም አይደል? መጽሐፉን ይዘሽ ነይ።»

ባጃጁ ውስጥ ሾፌሩ ኢርሻድ ስልኩን እየነካካ ሞሚናን ይጠብቃል። ፈርዶሳ ገጽ ሰማንያ ሦስትን ገልጣ ከጎን መስታወቱ ፊት ለፊት ያዘች። ጋሽ ዓባይ መስታወቱን አዘነበሉ። ኦቦ በድሪና ሞሚናም ተጠጉ፤ ሦስት ሽበታም ራስ አንዲት መዳፍ በምታክል መስታወት ላይ ተጋፋ።

«ምነው፣ ሦስታችሁም ልትዳሩ ነው እንዴ?» አለ ኢርሻድ።

«ዝም በል አንተ፣ ንዳ ስትባል ትነዳለህ!» አሉት ሞሚና።

መስታወቱ ውስጥ ሱቁ መንገዱን ተሻግሮ በቀኝ ቆሟል። ሦስቱ ሰዎች በቀኝ እጃቸው፣ ሰው እንደሚበላው፣ ይበላሉ።

«የፎቶ ፊልም ሁለት ፊት አለው» አሉ ጋሽ ዓባይ ቀስ ብለው። «በጀርባው ካተሙት ግራው ቀኝ ይሆናል። እኔ የመጠጥ ቤት መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል ገልብጬ ስጽፍ ነው የኖርኩት፤ ከደጅ ያለው መንገደኛ አቅንቶ እንዲያነበው። ይሄንን ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

«መኪናው!» አሉ ኦቦ በድሪ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መትተው። «መዘውሩ በግራ በኩል ነበር እኮ! የሰፊ ልጅ ሆኜ! መዘውር ሁልጊዜ በቀኝ ነው። አሁን ነው ትክክል የሆነው።»

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እንግዲያው ሽቅብ ሲታይ በግራ ያለው...»

«የአባቴ ነው። እንዳልኩህ።»

«የአባትህ ነው። ተከራይ ያልኩትን... ወላሂ ዓባይ፣ አፌ ነው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።»

«በቀኝ ያለው የአባትህ ነው። ሰውየውም አባትህ ናቸው። ቅጥረኛም አልነበሩም፤ በገዛ ደጃቸው ነው የበሉት።» አሉ ጋሽ ዓባይ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አባቴ ሲሉት የነበረውን ፊት ከደጅ ቆመው አሳልፈው እየሰጡ ነው።

ኦቦ በድሪም ገብቷቸዋል መሰል፣ መጽሐፉን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ጀርባውን በሰጠው ሰው ላይ ጣታቸውን አኖሩ።

«ይሄ የአንተ አባት ይሆናል። መንገድ ተሻግሮ መጥቶ...»

«ተው በድሪ። ደግ አትሁንብኝ፤ አንድ ስህተት በቃን።» ጋሽ ዓባይ ሳቅ አሉ። ሳቁ የውሸት አልነበረም። «እውነቱን ልንገርህ? በየጠዋቱ ያንን ፊት እያየሁ ‹አባባ› ልለው እሞክር ነበር። አፌ እምቢ ይለኛል። አባቱን የማይወድ ልጅ ሆኜ ነው ወይ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ለካ አፌ ትክክል ነበር። እፎይ! ትከሻዬ ላይ ያለውን ኩንታል ነው ያወረዳችሁልኝ።»

ኦቦ በድሪ እጃቸውን ዘርግተው የጓደኛቸውን ትከሻ ዳበሱት፤ እውነት ኩንታል እንደነበረበት።

«አሁን ደግሞ ደጅ ቆማችሁ ልትላቀሱ ነው?» አሉ ሞሚና ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ኢርሻድ፣ አንተ ሂድ። ዛሬ ከእነዚህ ጋር እቆያለሁ። ሰውዬውን ሳሎኔ ውስጥ ስለማላገኘው አላህ ይመስገን።»

ወደ ውስጥ ተመለሱ። ፈርዶሳ መሳቢያዋን ከፍታ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረች። የትኛው ይላክ ብላ አልጠየቀችም፤ መጠየቅም አላስፈለጋትም። ጋሽ ዓባይ የራሳቸውን አንስተው ለሁለት አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት። የኦቦ በድሪን ወደ ራሳቸው ሳቡ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከዚያ ተማሪዎቹ ሁሉ እንዲሰሙ አድርገው ተናገሩ፦

«ፈርዶሳ፣ ፎቶው ተገልብጦ ነው የታተመው፣ ሱቁ ሽቅብ ሲታይ በቀኝ ነው ብለሽ ጨምሪበት። ስሙ የበድሪ አባት ስም ነው፤ አብዱናስር፣ ልብስ ሰፊ። ምስክር የሚለው ላይ ደግሞ ዓባይ ሞገስ ብለሽ ጻፊ። የምፈርመው እኔ ነኝ።»