መስኮቱ የተደፈነበት ሸሚዝ

ሻዩ ለሁሉም ደረሰ፤ ለበያጁ ብቻ አልደረሰም።

ልጅቷ ትሪውን ይዛ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተደረደሩት ወንበሮች በተራ ስታዳርስ ቆየችና፣ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ዘንድ ስትደርስ ዞር ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ትሪው ላይ ሁለት ብርጭቆ ቀርቶ ነበር። በያጁ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለል ወለሉን ያያል። ሻይ ያልጠማው ሰው ለመምሰል ይሞክራል።

እናቷ ሶፋው ላይ በሁለት ትራስ ተደግፋ ይህን አየች። ባሏ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ተነሥታ ራሷ ልትሰጠው አሰበችና ተወችው። ጉልበቷን ብታመካኝ ማን ያማታል? የያዛት ግን ጉልበቷ አልነበረም።

«እሱ ነው አይደል?» አለች ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «ያንን የጥይት ሥራ ያስጀመረው?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማል።»

«ይስማ። እርሳስ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነው ኩላሊቱን የጨረሰው ብሏል አሉ ዶክተሩ። እኔ ብሆን ደጄን አላስረግጠውም።»

«ነጠላሽን ደርቢ» አለቻት አሮጊቷ። «በሩ ክፍት ነው። ብርዱ ጀርባሽን ይይዝሻል።»

«ወይ እትዬ። ባልሽ ሞቶ ስለ እኔ ጀርባ ታስቢያለሽ?»

እሷ ግን ከልቧ ነበር ያሰበችው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው እንዳይበርደው ስትሰጋ ነው የኖረችው። ልጇን እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ በሁለት ሹራብ ነው ያሳደገቻት። ባሏንም ከሥራ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ግንባሩን ትዳብሰው ነበር።

ሟቹ ጎሚስታ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ጎማ ሲፈታ፣ ሲለጥፍ፣ ሲነፋ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተው። ያልተበላሸውን ሁሉ መጠገን ጀመረ። ደህና የነበረውን ቧንቧ ፈትቶ ቤቱን ውኃ ያጥለቀለቀ ዕለት፣ «ይህን ሰውዬ አንድ ቦታ ውሰድልኝ» ብላ በያጁን የለመነችው ራሷ ናት። ይህንን ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

በያጁ የቆየ ጓደኛው ነው። እሱም ብየዳውን ትቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ የኢላማ ተኳሾች ማኅበር ገብቶ ነበር። ወሰደው። ጎሚስታው በሁለተኛው ቅዳሜ እንደ ልጅ እየፈነደቀ ተመለሰ። ከስድስት ጥይት አንዱ ወረቀቱን ነክቶለታል፤ ያውም ጠርዙን። ጥይት ግን እንደ ልብ አይገኝም ነበርና በያጁ፣ «እርሳሱን ራስህ ለምን አታፈሰውም? አንተ እኮ እርሳስ ላይ ነው የምትተኛው» አለው። እውነቱን ነው። ጎማ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ቸርኬው ላይ የሚመቱት ትንንሽ እርሳሶች አሉ፤ ጎሚስታው ያረጁትን አንድም ሳይጥል በጆንያ ሰብስቦ አልጋው ሥር አስቀምጧቸው ነበር።

ከጓሮ ባለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ጀመሩ። ያላቸው አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ የብረት ድስት፣ አንድ ጭልፋና እንደ ጉጠት እጀታ ያለው፣ ሲገጥሙት ሁለት ጥይት የሚወጣው የብረት ቅርጽ ነበር። በያጁ ጣቱን ቀስሮ ሦስት ነገር አስጠነቀቀው። «ጠብታ ውኃ እንዳይነካው፤ ይፈነዳል፣ ላብህ እንኳ እንዳያርፍበት። እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ ምንም እንዳትቀምስ። መስኮቱን ክፈት።»

የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ተጨማደው ወጡ። ቅርጹ ገና አልሞቀም ነበር።

«የእኔን ግንባር መሰሉ» አለ ጎሚስታው።

«መልሰህ ድስቱ ውስጥ ክተታቸው» አለው በያጁ። «የዚህ ሥራ ደግነቱ፣ የተበላሸው እንደገና ይቀልጣል።»

እሷ ያን ዕለት ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እሳት ቢነሣ ብላ። በያጁ ዞር ሲል ባልዲውን አየና ደሙ ደረቀ።

«እትዬ፣ በምትወጂው ይዤሻለሁ፣ ያንን ነገር አርቂው። እኛን ልትፈጂን ነው?»

ጎሚስታው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ባልዲውን ግን ያራቀችው ሁለት እርምጃ ብቻ ነው።

ማታ ለቅሶ ደራሹ ሲሳሳ ልጅቷ ብርጭቆ እያጠበች፣ «ነገ ደግሞ እንዳይመጣ እነግረዋለሁ» አለች። «በሰው ፊት።»

«ማንን?»

«ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ እማዬ። አባዬን ገድሎት መጥቶ በሩ ሥር ይጎለታል። ሰው ሲገባ ሲወጣ እሱን ነው የሚያየው።»

«ተይው፣ ሽማግሌ ነው።»

«አባዬም ሽማግሌ ነበር።»

«ጓደኛው ነው። አርባ ዓመት…»

«ምክንያት ስጪኝ» አለች ልጅቷ እጇን በፎጣ እያደረቀች። «አንድ ምክንያት ስጪኝና እተወዋለሁ።»

እናቷ ምክንያቱ ነበራት። አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። «ውኃው ቀዝቃዛ ነው፣ እጅሽን ያምሻል፣ አሙቂበት» አለችና ወደ መኝታዋ ሄደች።

ጋደም ብላ ያን የብርድ ወር አስታወሰች። ሥራውን በጀመረ በዓመቱ ባሏን ሳንባው ላይ ብርድ መታውና ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሹን ስታዳምጥ ሰነበተች። ሲወጣ እንደገና ወደ ምድጃው ሄደ። እንደገና መስኮቱን ከፈተ።

«ዝጋው።»

«ሥራው ላይ ስሆን አይዘጋም። ጭሱ ይውጣበት።»

«የምን ጭስ? እኔ የሚታየኝ ብርድ ነው። ሳንባህን ረሳኸው?»

እሱ ይከፍታል፣ እሷ ሹራብ ላቀብልህ ብላ ትገባና ስትወጣ ትዘጋዋለች። እንዲህ ወር ገፉ። በኋላ አንድ ጠዋት እሱ ገበያ ሲሄድ፣ አሮጌ ሸሚዙን፣ ያንን ሰማያዊ መስመር ያለውን፣ ቀዳድዳ በቢላ ጫፍ የመስኮቱ ፍሬም ውስጥ ዙሪያውን ጠቀጠቀችው። ጠንክሮ ያዘ። እሱ ሲመለስ መስኮቱን ገፋ፤ እምቢ አለው። ጎንበስ ብሎ ጨርቁን አየ።

«አንቺ ሴት» አለ፣ «በገዛ ሸሚዜ አሸግሽኝ።»

ቢቆጣ ኖሮ ትነቅለው ነበር። አልተቆጣም። ሳቀና ተዋት። አራት ዓመት እንደዚያው ቆየ። ካፖርቱን «ከበረደኝ እደርበዋለሁ» ብሎ ከበሩ ጀርባ ሰቅሎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነክቶት አያውቅም።

ያ ብቻ ቢሆን። ሲሠራ ሳይበላ ይውላል ብላ ዳቦና እንቁላል እዚያው ትወስድለት ነበር። እጁ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይዘረጋል። «ቆይ ልታጠብ» ሲላት፣ «ውኃው በረዶ ነው፣ ጨርቅ ይበቃሃል» ብላ በመሐረቧ ጠርጋ ታጎርሰዋለች። ፊቱ ሲገረጣ፣ ሆዱን ሲቆርጠው፣ የሰው ስም ሲጠፋበት ብርድ ነው ብላ መስኮቱ ላይ ሌላ የሸሚዝ ቁራጭ ጨምራ ጠቀጠቀች።

ዶክተሩ፣ «የሚሠሩበት ክፍል አየር ያገኛል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ልጅቷ «መስኮት አለው» ብላ መለሰች። እሷ ከጎኗ ቆማ ቦርሳዋን ጨበጠች። ዶክተሩ ጻፈ። የዚያን ጊዜ ብትናገር ምን ይለወጥ ነበር? ምናልባት ምንም። ምናልባት ደግሞ እሱ ሳይሞት ትነግረው ነበር፤ እሱም ቀለል የሚያደርግላት አንድ ቀልድ አያጣም ነበር።

በማግሥቱ በያጁ ሰው ሳይበዛ መጣ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ከመናገሯ በፊት ግን ከኮቱ ውስጥ አንድ የትምህርት ቤት ደብተር አውጥቶ ዘረጋላት።

«የአባትሽ ነው። ማኅበሩ ለጀማሪዎች የሚሆን ነገር ጻፍልን ብሎት ነበር። እንዳነበው ሰጥቶኝ እኔ ዘንድ ቀረ። የእናንተ ነው ብዬ ነው። እሄዳለሁ አሁን።»

«አይ፣ ይግቡ» አለች ልጅቷ። «ይግቡና እርስዎ ያስተማሩትን አብረን እንስማ።»

በያጁ ገባ፤ ያው ዱካው ላይ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን አቆመች፤ ወደ ሐዘን ቤት እንኳ ቁልፍ የሚተከልለት ልብስ ይዛ ነው የምትመጣው። ልጅቷ መሐል ቤት ቆማ ደብተሩን ገለጠች። የጎሚስታው ጽሕፈት ትልልቅና የተራራቀ ነበር።

«‹ለጀማሪዎች›» ብላ ጀመረች፣ ድምፅዋ እየሻከረ። «‹ይህን የምጽፈው ዐዋቂ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሌላው ሰው የሚሳሳተውን ሁሉ ስለተሳሳትኩት ነው። መጀመሪያ የምታፈሷቸው ጥይቶች ይጨማደዳሉ፤ አትዘኑ፣ ቅርጹን ምድጃው ጠርዝ ላይ አሙቁት። ድስቱ አጠገብ ውኃ አይቅረብ። የምትሰጋ ሚስት ያለችው ሰው ባልዲዎቹን አስቀድሞ ይደብቅ።›»

ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ሳቀችና አፏን ያዘች። ልጅቷ ገጹን ገልጣ ቀጠለች።

«‹እጃችሁ በሳሙና ሳይታጠብ እህል አትንኩ። ከሁሉ በፊት መስኮት ክፈቱ። የቤት ሰው ብርድ ይመታችኋል ቢል ካፖርት ደርቡ እንጂ መስኮቱን አትዝጉ። ይህን እኔ ራሴ አላደርገውም፤ እናንተ ግን አድርጉት።›»

ቆመች። ያነበበችውን መልሳ በዓይኗ አየችው።

«ምን ማለቱ ነው? ለምንድን ነው እሱ የማያደርገው?»

በያጁ ባርኔጣውን አዞረ። «እንጃ ልጄ።»

«ክፍሉ እኮ መስኮት አለው። ይከፍተው አልነበረም?»

«አላስተዋልኩም።»

አሮጊቷ ቀና አለች። ይህ ሰው የፀጉር ስንጥቅ የምታክል የብየዳ ጉድለት ከመንገድ ማዶ የሚያይ ሰው ነው። ያውም አይቶታል። ከሁለት ዓመት በፊት መስኮቱ ፊት ቆሞ ጣቱን በጨርቁ ላይ ከላይ እስከ ታች ሲያስኬደው፣ ከዚያም ዞሮ እሷን ሲያያት፣ ከዚያ ለባሏ ቀስ ብሎ «ለምን በረንዳ ላይ አንሠራም?» ሲለው ሰምታለች። ባሏም፣ «ተዋት፣ ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስዳትም» ብሎታል። ሁሉን ያውቃል። ዐውቆ ነው ሦስት ቀን ያለ ሻይ እዚያ ዱካ ላይ የተቀመጠው።

«ይዋሻል» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

«ሲዋሽ ነው። ያውቃል። ለእኔ ብሎ ነው።» ትራሱን ወደ ጎን ገፋችና ተነሣች። «ነይ። ነይ ተከተይኝ።»

«እትዬ፣ ይቅርብሽ» አለ በያጁ።

«አንተ ዝም በል። በጣም ዝም ብለሃል።»

ልጅቷ ደብተሩን እንደያዘች ተከተለቻት። በጓሮ በኩል ወደ ማጠቢያው ክፍል ገቡ። ድስቱ ምድጃው ላይ እንዳለ ነው፤ እርሳሱ ውስጡ ረግቶ ጭልፋውን እንደተተከለ ይዞታል። አሮጊቷ አላየችውም። መስኮቱ ጋ ሄዳ በጥፍሯ የፍሬሙን ጥግ ፈለገችና አንድ ጫፍ ያዘች። ሳበችው። ሰማያዊ መስመር ያለው ጨርቅ እየተጎተተ ወጣ፤ አቧራ ለብሶ ግራጫ ሆኗል። ሌላ ሳበች። ሌላ። አንዱ ቁራጭ የሸሚዙ ቁልፍ አብሮት ነበር።

«እኔ ነኝ የደፈንኩት» አለች ወደ ልጇ ሳትዞር። «ብርድ እንዳይመታው። እጁንም እንዳይታጠብ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ውኃው ይቀዘቅዛል ብዬ። ሐኪሙ ሲጠይቅ አጠገብሽ ነበርኩ። ምክንያት አምጪ ብለሽኝ ነበር፤ ምክንያቱ ይኸው።»

እናቷ መስኮቱን በትከሻዋ ገፋችው፤ አንዴ ጮኸና ተከፈተ። ብርዱ ገባ። የደብተሩ ገጽ በልጅቷ እጅ ላይ ተገለበጠ።

ልጅቷ ቁልፍ ያለበትን ቁራጭ ከእናቷ እጅ ወሰደች፣ አየችው፣ ኪሷ ውስጥ ከተተችውና ወጣች። እርምጃዋ በጓሮ አልፎ ቤት ገባ። ከዚያ የብርጭቆ ድምፅ መጣ፤ ከዚያም የልጅቷ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሻይ።»

አሮጊቷ ብቻዋን ቀረች። ነፋሱ አንገቷ ሥር ገባ። እጇ ሳታዝዘው ወደ መስኮቱ እጀታ ሄደ፤ ነካውና ቆመ። መልሳ አወረደችው። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የባሏን ካፖርት አነሣች። እጅጌው ረዝሞ ጣቶቿን ዋጣቸው። ባሏ ሲሠራ ይቀመጥበት በነበረው ዱካ ላይ፣ በተከፈተው መስኮት ፊት ተቀመጠችና ቁልፎቹን ከታች ጀምራ እስከ አንገቷ ቆለፈች።